ሳይደግስ አይጣላም? የአሰብ መንገድና የአውሮፓ ቀውሶች

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። የደብረ ብርሃን ብርድ እንደምታውቁት ነው፤ ተማሪዎቼ ጋቢና ጃኬት እንደደረቡ ተቀምጠዋል። የቅዳሜና እሁድ ተማሪዎች ናቸው። አብዛኞቹ ሥራ አላቸው፣ ልጆች አሏቸው፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲለፉ ሰንብተው ነው የሚመጡት። እኔ ደግሞ በዚያች የድካም ሰዓት ስለ ብራስልስ ነው የማወራላቸው።

የዕለቱ ትምህርት የአካባቢያዊ ውህደት (የጎረቤት አገሮች ገበያና ሥልጣን አንድ የመሆን) ቲዎሪዎች ቀውስን እንዴት ያብራራሉ የሚል ነበር። የዩሮ ቀውስ፣ የስደተኞች ቀውስ፣ ብሬግዚት (የእንግሊዝ ከኅብረቱ መውጣት)፣ ኮቪድ። አራቱን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩና ከእያንዳንዱ በኋላ የአውሮፓ ኅብረት ወዴት እንደሄደ በቀስት አሳየሁ። ሁለቱ ቀስቶች ወደ ላይ ናቸው፤ በተለይ የዩሮው። እሱን ሳብራራ ድምፄ ሞቅ ብሎ ነበር መሰለኝ። ከኋላ የሚቀመጡ አንዲት ተማሪ እጃቸውን አወጡ። በዕድሜ ይበልጡኛል። ያደጉት ደብረ ሲና ነው፤ እናታቸው የአሰብ መስመር ሹፌሮች የሚያርፉበት ምግብ ቤት ነበራቸው።

«መምህር፣ እኛና ኤርትራ ብራችን አንድ ነበር። ወደቡም የጋራ ያህል ነበር። ሹፌሩ ከአሰብ ጨው ጭኖ መጥቶ እኛ ቤት ምሳውን በልቶ ነበር የሚያልፈው። ታዲያ እኛን ችግሩ ለምን አላጠነከረንም?»

መምህር የሚለውን አልኩ። የአውሮፓ ኅብረት ለየት ያለ ነው፣ ጠንካራ ተቋማት አሉት፣ አባላቱ ዴሞክራሲ ናቸው፣ ወዘተ። እሳቸው አንገታቸውን እየነቀነቁ እስክጨርስ ጠበቁኝ። «እሱንማ አሁን ነገሩን እኮ» አሉ። «እኔ የጠየቅሁት ከእነዚህ ቲዎሪዎች የኛን ነገር የሚያውቀው የትኛው ነው ብዬ ነው።»

ከፊት ያሉት ልጆች ዞረው አዩአቸው። አንዱ ሳቀ። ሰዓቱ አልቆ ስለነበር ወጣን። ጥያቄው ግን ጠባሴ ድረስ አብሮኝ ሄደ፤ ሰነበተም። በዚህ ጽሑፍ የማደርገው የሦስቱን ቲዎሪ ባለቤቶች ተራ በተራ ደብረ ሲና አውርዶ መጠየቅ ነው።

ቀውስ እንደ ድግስ

«ሳይደግስ አይጣላም» እንላለን፤ እግዜር መከራ ሲያመጣ ከኋላው ያሰናዳው ነገር አለ ለማለት። ኧርነስት ሃስ በ1950ዎቹ ኒዮፈንክሽናሊዝም የተባለውን ቲዎሪ ሲያበጅ መንፈሱ ከዚህ ብዙም አይርቅም። (በዚህ ክፍል ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ወደ እኛ ስመጣ በእኛው እቆጥራለሁ።) በ1951 ስድስት አገሮች የድንጋይ ከሰልና የብረት ገበያቸውን በአንድ የጋራ ባለሥልጣን ሥር አደረጉ። ሃስ ይህን እያየ ያለው ይህ ነው፦ አንዱ ሥራ ሌላውን ይጎትታል። ከሰሉን አንድ ካደረግህ ባቡሩ ቸግሮህ ይመጣል። ባቡሩን ስትነካ ቀረጡ ይመጣል። ነጋዴውና የሠራተኛ ማኅበሩም ቀስ በቀስ አቤቱታውን ወደ አዲሱ ማዕከል ማዞር ይጀምራል። ቀውስ የሚመጣው ሥራው ግማሽ ላይ ስለቆመ ነው፤ መውጫውም ግማሹን መጨረስ ነው። ከስድስቱ አገሮች ውህደት አዋላጆች አንዱ የሆነው ዣን ሞኔ በትዝታ መጽሐፉ አውሮፓ የምትሠራው በቀውሶች ውስጥ እንደሆነ ጽፏል።

ዩሮ ለዚህ ሐሳብ የተመቸ ምሳሌ ነው። ገንዘቡን አንድ አደረጉ፤ የባንክ ቁጥጥሩንና የነፍስ አድን ገንዘቡን ግን በየቤታቸው ተዉት። በ2010 ግሪክ ስትወድቅ ግማሽ ሥራ መሆኑ ታየ። መጀመሪያ 110 ቢሊዮን ዩሮ ብድር ተሰበሰበ። በ2012 እስከ 500 ቢሊዮን ዩሮ ማበደር የሚችል ቋሚ ተቋም ተመሠረተ። ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የትልልቆቹ ባንኮች ተቆጣጣሪ የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ሆነ። ከአምስት ዓመት በፊት ቢሆን ይህን ያነሣ ሰው ይሳቅበት ነበር።

እስቲ አሁን ወደ እኛ። ከ1985 ጀምሮ ሁለት መንግሥታት በአንድ ብር ሲጠቀሙ፣ ብሩን የሚያወጣውና የሚመራው አዲስ አበባ ነበር። ግማሽ ሥራ ማለት ይሄ ነው። በ1990 መጀመሪያ የኤርትራ የራሷ ገንዘብ ናቅፋ መጣ። ኢትዮጵያም ከአነስተኛ የድንበር ንግድ በቀር ግብይቱ በውጭ ምንዛሪና በሌተር ኦፍ ክሬዲት (በባንክ የክፍያ ዋስትና) ይሁን አለች። እስከዚህ ድረስ ሃስ ልክ ነው፤ ግማሹ ሥራ ቀውስ ወለደ። ከዚህ በኋላ ግን «ግማሹን እንጨርስ» ያለ አልተገኘም። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ጦርነት ሆነ።

ሃስን ለመከላከል ያህል፣ ተማሪው ፊሊፕ ሽሚተር ገና በ1970 ቀውስ የግድ ወደፊት እንደማይገፋ፣ ወደኋላ መመለስም ከአማራጮቹ አንዱ እንደሆነ ጽፎ ነበር። ሃስ ራሱም በ1975 ቲዎሪው ጊዜው አልፎበታል ብሏል። ይህን አደንቃለሁ። በሕይወት እያለ የራሱን ቲዎሪ ያሰናበተ ምሁር ብዙ አይገኝም። ነገር ግን «ወይ ወደፊት ወይ ወደኋላ» የሚል መልስ ለደብረ ሲና ሰው ይዤ ብሄድ፣ «ይኼን ለማወቅ ነው ዩኒቨርሲቲ የሚገባው?» መባሌ አይቀርም።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል

ሁለተኛው አንድሩ ሞራቭሲክ ነው፤ ቲዎሪው ሊበራል ኢንተርገቨርንመንታሊዝም ይባላል። ስሙ ረዘመ እንጂ ነገሩ ገበያ የሚወጣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። መንግሥታት ጥቅማቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፣ ይከራከራሉ። የሚያሸንፈው ስምምነቱ ቢፈርስ ብዙም የማይጎዳው ነው። አማራጭ የሌለው ይሸነፋል። ቀውስ በዚህ ዓይን ሲታይ ድግስም ትንቢትም አይደለም፤ ዋጋ የሚጣልበት ሰዓት ነው።

ለምን ግሪክ ያን ሁሉ መራራ ቅድመ ሁኔታ ዋጠች? ከዩሮ መውጣት የባሰ ስለነበር። ለምን ጀርመን እያጉረመረመች ከፈለች? ዩሮ ቢፈርስ ባንኮቿም ኤክስፖርቷም አብረው ስለሚጎዱ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው፣ ሁለቱም በደህና ቀን የማይፈርሙትን ፈረሙ። ከተመራማሪዎች መካከል ኅብረቱ በየቀውሱ ለዕለቱ ብቻ የሚበቃ ግማሽ መፍትሔ እየተስማማ፣ ያ ግማሽ ቀጣዩን ቀውስ እየወለደ፣ እንደዚያ እየተደናቀፈ ወደፊት ይሄዳል ያሉም አሉ። እኔን የሚያሳምነኝ ይኼኛው ነው።

ከደብረ ሲና ብንጀምር ይህ ቲዎሪ ምን ይላል? የአሰብ ወደብ ዋና ደንበኛ ማን ነበረች? ኢትዮጵያ። ኢትዮጵያስ ከአሰብ ሌላ ምን ነበራት? ጅቡቲ። ቁልፉ እዚህ ነው። ጦርነቱ ሲነሣ ጭነቱ በፍጥነት ወደ ጅቡቲ ዞረ። አሰብ ባዶዋን ቀረች። ለኢትዮጵያ መውጫ ነበራት፤ ውድ ይሁን እንጂ ነበራት። ለአሰብ ግን ሌላ ደንበኛ አልነበራትም። መደራደሪያው እንዲህ ሲዛባ አንዱ ወገን «ያለኔ የትም አይሄዱም» ብሎ ያስባል፣ ሌላው «መሄድ እችላለሁ» ብሎ ያስባል። ሁለቱም ለመታረቅ አይቸኩሉም።

የመንገዱን ነገር እዚህ ጋ ትንሽ ላንሳው። ከአሰብ የሚመጣው ጭነት ከፊሉ ከሚሌ በአዋሽ በኩል ይሄድ ነበር። ቀሪው ኮምቦልቻን፣ ካራቆሬን፣ ሸዋ ሮቢትን አልፎ፣ ደብረ ሲና ላይ ትንፋሽ ወስዶ፣ ጣሊያን በቆፈረው የጣርማበር ዋሻ ሾልኮ ወደ እኛ ይወጣል። ከጅቡቲ የሚመጣው ግን በጋላፊና በሚሌ አድርጎ በአዋሽ ነው መንገዱ። በሌላ ሳምንት እኚያ ተማሪዬ ሻይ ላይ ሲነግሩኝ፣ እናታቸው ያን ዓመት ክረምት ላይ ትልቁን ብረት ድስት ለጎረቤት ሸጡት። «የሚበላው ሰው አነሰ» አሉኝ። ኤንትሬ የጭነት መኪና ከነተሳቢው ሲመጣ ከድምፁ ሹፌሩ ማን እንደሆነ ይለዩ ነበር። የሞራቭሲክ ቲዎሪ በወደብ ታሪፍ የሚያሰላው ነገር ደብረ ሲና ላይ ሲደርስ በድስት ነው የሚለካው።

ያም ሆኖ ቲዎሪው አንድ ቦታ ላይ ይነጥፋል። አንዱ ወገን መውጣት ስለሚችል ይወጣል፤ እሺ። ግን ጥቅሙን የሚያሰላ መንግሥት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነፍስ በባድመ አካባቢ ለሚገኝ መሬት ይገብራል? ሁለቱም ወገኖች ከሰሩ። ይህ የገበያ ክርክር አይደለም።

ነገሩ አደባባይ ሲወጣ

ሦስተኛዎቹ ሊዝቤት ሁግና ጋሪ ማርክስ ናቸው። በ2009 እንደ አውሮፓውያን ባወጡት ጽሑፍ፣ ውህደት ለረጅም ጊዜ የቀጠለው ሕዝቡ ግድ ስላልነበረው ነው አሉ። ባለሥልጣንና ነጋዴ ይስማሙ፣ ሕዝቡ ዝም ይላል። ነገሩ «እኛ ማን ነን?» ወደሚል ጥያቄ ሲቀየር ግን ሒሳቡ ይቀራል። ፖስትፈንክሽናሊዝም ይሉታል።

የአውሮፓን ሁለት ቀውሶች ጎን ለጎን ማየት ነው። ዩሮ ሲናጋ ክርክሩ በአብዛኛው በሚኒስትሮችና በባንክ ሰዎች ክፍል ውስጥ ቀረ፤ ውጤቱ ተጨማሪ ውህደት ሆነ። በ2015 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኞች በባሕር ሲገቡ ግን ክርክሩ አደባባይ ወጣ። 160 ሺህ ሰው በየአገሩ ይከፋፈል ተባለ። ሃንጋሪ፣ ቼክ፣ ስሎቫኪያና ሮማኒያ ከዕቅዱ ዋናውን ክፍል ተቃውመው በድምፅ ብልጫ ተሸነፉ። መጨረሻ ላይ የተከፋፈለው 35 ሺህ አካባቢ ነው። ሕጉ ወጣ፣ ፍርድ ቤቱም አጸናው፣ ሰው ግን አልተንቀሳቀሰም። በዓመቱ እንግሊዞች 52 በመቶ ሆነው ለመውጣት መረጡ። ኢኮኖሚስቶቻቸው በአብዛኛው ኪሳራ ነው እያሏቸው።

ግንቦት 1990 የእኛ ነገር በአንድ ሳምንት አደባባይ ወጣ። በሬዲዮ፣ በዘፈን፣ በመዋጮ። በአንድ ብር ሲገበያዩ የኖሩ ጎረቤታሞች አንዱ «የውጭ ዜጋ» ሆኖ ሻንጣውን እንዲይዝ ተነገረው፤ በዚያም በዚህም። ያን ጊዜ «የወደብ ኪራይ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከሃዲ ይመስላል። ሁግና ማርክስ ስለ አውሮፓ መራጭ ነው የጻፉት፤ እኔ ግን ከሦስቱ ለደብረ ሲና የቀረበው ይኼኛው ይመስለኛል። ለተማሪዬም በዚያው ሻይ ላይ ይህንኑ አልኳቸው። «እና አውሮፓ ውስጥ ሰው አይቆጣም?» አሉኝ። ይቆጣል። በ2010 አቴንስ አደባባይ ሙሉ ሰው ተቆጥቶ ነበር። የጀርመን ጋዜጦችም ግሪኮችን ሲሰድቡ ነበር። ስለዚህ ቁጣው ብቻውን አይደለም። ቁጣው እያለ አንድ ቦታ ላይ ሥራው ቀጥሏል ማለት ነው።

መሪዎቹ ሲኳረፉ ማን ቢሮ ይገባል?

ያ ቦታ ፍራንክፈርት ነው። ሐምሌ 2012 እንደ አውሮፓውያን፣ የማዕከላዊ ባንኩ ገዥ ማሪዮ ድራጊ ዩሮን ለማዳን የሚያስፈልገውን ሁሉ እናደርጋለን አለ። የሃያ ሰባቱን መሪዎች ፊርማ አልሰበሰበም። ከወር በኋላ የታወጀው የቦንድ (የመንግሥታት ዕዳ ሰነድ) ግዢ ፕሮግራም አንድም ቀን ሥራ ላይ አልዋለም፤ ሊውል እንደሚችል መታወቁ ብቻ ገበያውን አረጋጋ። ተመራማሪው ፍራንክ ሺመልፌኒግ የዩሮንና የሼንገንን (ያለ ድንበር ፍተሻ የሚታለፍበት ቀጠና) ቀውስ ሲያነጻጽር ካጎላቸው ነጥቦች አንዱ ይህ ነው፤ ለዩሮ በራሱ ሥልጣን መወሰን የሚችል ተቋም ነበረ፣ ለድንበሩ ግን አልነበረም።

እድርን አስቡ። ሁለት አባላት በድንበር አጥር ተካሰው ዓይንና ናጫ ቢሆኑም፣ የአንዱ እናት ሲሞቱ ድንኳኑ ይተከላል። ሌላው መጥቶ ወንበር ይሸከማል። የሚመጣው ስለወደደው አይደለም፤ ካልመጣ ጸሐፊው ቅጣት ይጽፍበታል። ጸሐፊው ከሁለቱም ፈቃድ አይጠይቅም።

በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከልም በ1985 ስምምነት የተቋቋመ የሚኒስትሮች የጋራ ኮሚሽን ነበር። ግን የሁለቱ መሪዎች ጥላ ነበር እንጂ የራሱ ብዕር አልነበረውም። መሪዎቹ ሲጣሉ እሱም ተጣላ። ዳኛ የመጣው ከቀብር በኋላ ነው። ጦርነቱን በቋጨው በአልጀርሱ ስምምነት የተቋቋመው የካሣ ኮሚሽን እንደ አውሮፓውያን በ2009 ለኢትዮጵያ ወደ 174 ሚሊዮን ዶላር፣ ለኤርትራ ወደ 163 ሚሊዮን ዶላር ፈረደ። ወደቡ ላይ ተይዞ የቀረ ዕቃ ሁሉ እዚያ ክርክር ውስጥ ተነሥቷል። ሰው አልቆ፣ መንገዱ ሣር አብቅሎ።

መስከረም 1 ቀን 2011ንም አትርሱ። በቡሬና በዛላምበሳ ድንበሩ ተከፈተ፤ ሰው ተቃቀፈ፣ አለቀሰ። እዚህ ደብረ ብርሃን እንኳ «የአሰብ መስመር ሊመለስ ነው» ብሎ መኪና ለመግዛት ያሰበ ሰው አውቃለሁ። የቀረጥ ደንብ ግን አልነበረም፣ የቪዛ ደንብ አልነበረም፣ በየትኛው ገንዘብ እንደሚገበያዩ የተጻፈ ነገር አልነበረም። በወራት ውስጥ ኬላዎቹ ተመልሰው ተዘጉ። በመተቃቀፍ የተከፈተ በር ነውና ለመዝጋትም ፊርማ አላስፈለገውም።

እዚህ ላይ ራሴን ላስቸግር። የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበር ኤኮዋስ ኮሚሽን ነበረው፣ ፍርድ ቤት ነበረው። ያም ሆኖ ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶና ኒጀር በጥር 2024 እንደ አውሮፓውያን እንወጣለን ብለው በዓመቱ ወጡ። ስለዚህ ቢሮ መኖሩ ዋስትና አይደለም። በተለይ ቢሮው ለሕዝቡ የሚታየው ማዕቀብ ሲጥል ብቻ ከሆነ የመሪዎች ክበብ ይመስላል። ሁለት ነገሮች ግን ልብ ይሏል። ሦስቱ አገሮች የጋራ ገንዘብ ከሆነው ከሲኤፋ ፍራንክ ማኅበር አልወጡም፤ እዚያ መውጣት ውድ ነው፣ ሞራቭሲክ ይደሰታል። ኤኮዋስ ደግሞ እነሱ በወጡበት ቀን፣ ሌላ እስኪወሰን ድረስ የዜጎቻቸው መታወቂያና ነፃ ዝውውር ይከበር ብሎ መግለጫ አወጣ። የኒጀሩ ነጋዴ በማግስቱ ድንበር ላይ የሚያሳየው ወረቀት ነበረው። ግንቦት 1990 ላይ ለሹፌሮቻችን እንዲህ ያለ ወረቀት የጻፈ አልነበረም።

ኮርሱን አሁን እንደገና እያዘጋጀሁት ነው። ከአውሮፓ አይጀምርም፤ የሚጀምረው እንደ አውሮፓውያን በ1977 ከፈረሰው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ነው። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ የጋራ አየር መንገድ፣ የጋራ ባቡር፣ የጋራ ፖስታ ነበራቸው። ኬንያ የበለጠ ትጠቀማለች የሚል ቅሬታ ነበር። የታንዛኒያው ኔሬሬ ደግሞ ከኡጋንዳው ኢዲ አሚን ጋር አልቀመጥም ብለው የመሪዎቹ ስብሰባ ቆመ። ከዚያ ሁሉም ነገር ፈረሰ፤ ሁሉም ግን አይደለም። የልማት ባንኩ ተረፈ። የራሱ ቻርተር ነበረው፣ በ1980 ሦስቱ አገሮች አደሱለት። ንብረቱንና ዕዳውን ለመከፋፈል እስከ 1984 ተደራደሩ። በዚያው የመለያያ ውል ላይ ወደፊት የሚተባበሩበትን መንገድ እንደሚፈልጉ ጻፉ። በ1999 አሩሻ ላይ እንደገና ሲፈራረሙ ከባዶ አልጀመሩም።

እኛና ጅቡቲ ዛሬ ምን አለን? ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የባቡር ሐዲድ አለን፤ የሚያስኬደውም የሁለቱ መንግሥታት የአክሲዮን ማኅበር ነው። በእኛ አቆጣጠር ከ2003 ጀምሮ የኤሌክትሪክ መስመር አለን። ከወጪና ገቢ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚያ ነው። ስለ ጥገኝነቱ ቀን ከሌት ይወራል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የአክሲዮን ማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ነው፤ ሁለቱ መንግሥታት በተኳረፉበት ሳምንት ባቡሩ እንዲንቀሳቀስ የሚያዝዝ ሰው በስም ተጽፎበት እንደሆነ። ተማሪዎቼ ለመመረቂያ ርዕስ ሲጠይቁኝ ሰሞኑን የምሰጠው ይህንን ነው። እስካሁን ሁለት ወስደውታል።